ጳጉሜን የጠፋባት ላም

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ እንዳላማው፣ ሮተርዳም

እርስዎን በባሕር ማዶ የሚጠብቅ አምላክ እኛንም አልረሳንም፤ እናቴም፣ ታናናሾቼም፣ እኔም ደህና ነን። እናቴ «ለአክስቴ ልጅ ከሁሉ አስቀድመሽ ሰላምታዬን ጻፊ፣ የራስሽን ወሬ ኋላ ታወሪያለሽ» ስላለችኝ ይኸው አስቀደምኩ። «በቴሌግራም እንደ ቆሎ እየቆነጠርሽ አትላኪልኝ፤ በኢሜይልም ቢሆን ወግ ያለው ደብዳቤ ጻፊልኝ» ብለውኝ አልነበር? ወጉን ችዬው እንደሆነ ያዩታል።

የላኩልኝ ላፕቶፕ ደርሶኛል። ስከፍተው ድምፅ እንኳ የለውም! እስከ ዛሬ የነካኋቸው ኮምፒውተሮች ሲነሱ እንደ ወፍጮ ነበር የሚያጓሩት። እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ከተመረቅኩ ሥራ ሳላገኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ይዣለሁ። ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ዳር «እንገር» የሚባል የወተት ላም አርቢዎች ማህበር አለ። የአባላቱን ላሞች የሚያዳቅለው ፈንታ የሚባል በሞተር ሳይክል የሚዞር ቴክኒሻን ነው። አንዲት ላም በተዳቀለች በሦስተኛው ሳምንት ዳግም ኮርማ ከፈለገች አልያዘችም ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ፈንታ ካልደረሰላት ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ዝም ካለች ግን ይዛለች፣ ቤቱ ደስታ ነው። ይህ ሁሉ ቀን የሚጻፈው በቢሮው ግድግዳ ላይ ባለ ጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ ነው። የሰው ትከሻ ሲታከከው የስንቱ ላም ቀን ይጠፋል!

ለሊቀመንበሩ ለጋሽ ገዳሙ «ይህን በኮምፒውተር ልሥራልዎት፤ ቀኑ ሲደርስ ለባለቤቷ የሚደወልበትን ማሽኑ ይንገረን» አልኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «እስከ መስቀል ሞክሪ። ከሆነልሽ ከነማሽንሽ ትቀጠሪያለሽ። ሰሌዳዋን ግን አላወርዳትም» አሉኝ።

አሁን ምክርዎን እፈልጋለሁ። በተራ ድረ ገጽ ሠርቼ፣ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ብሮውዘር ይክፈተው? ወይስ የእርስዎ መሥሪያ ቤት እንደሚያደርገው ራሱን የቻለ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ላድርገው? ኮምፒውተሩ ያረጀ ነው፤ የምትሠራበት ትዕግስት የምትባል ልጅ ናት። እጄ እያሳከከኝ ነው፣ ቶሎ ይመልሱልኝ።

በጸሎትዎ አስቡኝ፤
ልጅዎ ያለምወርቅ

ሮተርዳም፣ ጁን 3 ቀን 2025

ለልጄ ለያለምወርቅ

ላንቺም፣ ለእናትሽም፣ ለቤቱ ሁሉ ሰላምና ጤና ከኔ ዘንድ ይድረስ። ደብዳቤሽን ባቡር ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እንገር» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው! አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ብቻዬን ስስቅ አይታ ቦታ ቀየረች።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አታመንቺ፤ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አድርጊው። እንደ ድሮው ግን ለየማሽኑ በየቋንቋው መጻፍ የለም። እኛ የምንጠቀምበት ማዕቀፍ አለ። አንቺ ድረ ገጽ እንደምትጽፊ ትጽፊያለሽ፤ እሱ ሙሉ ብሮውዘር ከሥራሽ ጋር ጠቅልሎ አንድ ፕሮግራም አድርጎ ያወጣልሻል። የተጠቃሚው ብሮውዘር አሮጌ ይሁን አዲስ ምን ያሳስብሻል? የራስሽን ይዘሽ ነዋ የምትሄጂው! ይከብዳል የሚሉ አሉ። ይክበድ። ማሽን ርካሽ ነው፣ ውዱ የሰው ጊዜ ነው። ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ልጄ።

መነሻ የሚሆንሽን ንድፍ አያይዤልሻለሁ። የቀን መምረጫው የመሥሪያ ቤታችን ልጆች የሠሩት ነው፤ የወሮቹን ስም እኔው ራሴ በአማርኛ ተክቼ፣ ወሩንም ሠላሳ ሠላሳ አድርጌ አስተካክዬልሻለሁ። መስከረም ብሎ ሲጀምር ደስ ይላል።

ደግሞ ይህን በልብሽ ያዢው። በመጪው መኸር አለቃዬ ካሉበት አገር ሆነው የሚሠሩ ሁለት ልጆች ይፈልጋል። ይህን ሥራ በማዕቀፉ ጨርሰሽ ናሙና አድርገሽ ላኪልኝ፤ ስምሽን ከፊት አስቀምጠዋለሁ።

እኔም ላስቸግርሽ። እትዬ የኔአለም ስደውልላት «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። እኅት አይደለችም፣ ማኅተም ናት! እስቲ ቤቷ ጎራ በይና እንዴት እንዳለች፣ ላሞቿም ይታለቡ እንደሆነ ጻፊልኝ።

አክባሪሽ፣
እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ እንዳላማው

ክረምቱ እኛ ጋ ጨክኗል፤ እርስዎ ዘንድ ፀሐይ እንዲሆን እመኛለሁ። ሁላችንም በሕይወት አለን። የዘገየሁት ሥራው ይዞኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት እንዳይመስልዎት።

እንዳሉኝ አደረግኩት። በላኩልኝ ላፕቶፕ ላይ ዓይን ሳይጨፈን ይከፈታል። ቁልፎቹ ያምራሉ፣ የላሞቹ ዝርዝር እንደ ውኃ ይፈሳል። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አጨበጨብኩ። ከዚያ ወደ ቢሮው ወሰድኩት።

ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርዎት? የማህበሩ ላሞች መረጃ በሙሉ ተጠራቅሞ ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም። ፕሮግራሙ ግን የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል ነው። በፍላሽ ይዤ ሄጄ ስጭነው ሚኒባሱ አምበር ደርሶ ተመለሰ። ስከፍተው ባዶ ነጭ መስኮት መጣና ቁጭ አለ። ማራገቢያው ጮኸ። ትዕግስት አገጯን በእጇ ደግፋ ስታየው ቆየችና «ያለም፣ ይቺ ነገር ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ቀረች እኮ። ቅዳሴ ነው የምትሰማው?» አለችኝ። ሳቅኩ። በመጨረሻ ሲከፈት አንድ ፊደል ተጭናችሁ ፊደሉ እስኪታይ ውጭ ያለውን ሰው ሰላም ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ትዕግስት የምትጽፍበትን ሰነድ ካልዘጋች ሁለቱ አብረው አይሠሩም።

በንዴት ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ከፍቼ አየሁ። ያ ሁሉ ክብደት ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እኔ ግን በዓይኔ ሳየው ነው ያስጠላኝ። ቪዲዮ ማጫወቻ አለበት። የጌም መጫወቻ መሪ የሚያነብ ነገር አለበት። ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው አገሮች ቋንቋ አለበት። ለምን? የአንዲትን ላም ስምና ቀን ለመጻፍ!

እኛ ሰፈር ተዝካር ሲኖር ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድንኳኑም ከእድሩ ዕቃ ቤት ይመጣል። ለአንድ ቀን ድግስ ትልቅ ድስት የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም። በትዕግስት ማሽን ላይ እኮ ብሮውዘር አለ፤ ያረጀ ቢሆንም ይሠራል። ሁሉ የተስማማበትን የዌብ ደንብ አክብሮ ለጻፈ ሰው የእድር ዕቃ ማለት እሱ አይደል? እኔ ግን ድስት ገዝቼ፣ ማገዶ ገዝቼ፣ ድንኳን ተሸክሜ የሰው ግቢ ገባሁ። እውነቴን ነው፣ የራሴን ሥራ ማየት ቀፈፈኝ።

ይሁንና ያሉኝን አልጣልኩም። ናሙናውን አስባለሁ፤ የሮተርዳሙን ሥራ አስባለሁ። ለጋሽ ገዳሙ «ማሽኑ እስኪለምደው ነው» አልኳቸው። «ማሽን ነው ወይስ ጥጃ?» አሉኝ።

እቴቴ የኔአለም ደህና ናት። «ደህና ነኝ በይው» ብላለች። ላሟን ቦራንም ማህበሩ ውስጥ አስመዝግባታለች።

ልጅዎ ያለምወርቅ

ሮተርዳም፣ ኦገስት 11 ቀን 2025

ለያለምወርቅ

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይሁን።

«አስጠላኝ»፣ «ቀፈፈኝ» የሚል ቃል ከባለሙያ አፍ አይወጣም። ሥራ ነው። እኔም እዚህ የመልእክቱ፣ የማስታወሻው፣ የስብሰባው፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ብሮውዘር ተሸክሞ እየመጣ ማሽኔን ሲያንቀው፣ ከምሳ በፊት አንድ ጊዜ አጥፍቼ አበራዋለሁ። ታዲያ ምን ሆንኩ? ሰው ለምዶ ይኖራል።

ለቢሮው ኮምፒውተር የሚሆን ሜሞሪ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። እስከዚያ ታገሺ። ማዕቀፉን እንዳትለቂ፤ አለቃዬ ድረ ገጽ ብቻ የሚሠራ ሰው አይፈልግም። ናሙናውን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ እጠብቃለሁ።

ስለ ቦራ ጽፈሻል። ዳለቻስ? ሁለት ነበሩ።

እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ እንዳላማው

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገርዎ። ዘመኑን ለእርስዎ የሳቅ ያድርግልዎ፤ ለኔ ግን አጀማመሩ አላማረም።

እንዴት እንደሆነ በተራ እነግርዎታለሁ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት ትዕግስት «ያለም፣ ነገ ምን ልጽፍ ነው? ጳጉሜንን የት አድርገሽው?» አለችኝ። የቀን መምረጫውን ከፈትኩ። ነሐሴ አለ። ቀጥሎ መስከረም አለ። ጳጉሜን የለችም።

ሥራውን የሞከርኩት በሰኔና በሐምሌ ነበር፤ ማን ያስታውሳታል? ከጳጉሜን በፊት ጳጉሜንን የሚያስብ የለም። ላስተካክለው ብዬ ላፕቶፔን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። ግን በማዕቀፉ አንዲት መስመር ስትነካ ሙሉው ጥቅል እንደ አዲስ መጠቅለል፣ እንደ አዲስ መጫን አለበት። በሰፈራችን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ጳጉሜን 3 ልጆች ግቢ ወጥተው በዝናቡ ሲታጠቡ እኔ በመስኮት እያየሁ፣ «ይህ ቀን እኔ በሠራሁት ዓለም ውስጥ የለም» አልኩ። ያን ያህል ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ትዕግስት በበኩሏ ብልሃት የፈጠረች መስሏት የጳጉሜንን ሁሉ ነሐሴ 30 እያለች አስገባችው። ጋሽ ገዳሙ ዝርዝሩን አይተው ፈንታን ጠሩት። «ፈንታ፣ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለህ አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ላም በአንድ ጀምበር?» ፈንታ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀልድ ሆኖ በቀረ።

የእቴቴን ቦራ ፈንታ ያዳቀላት ነሐሴ 20 ነበር። ሦስት ሳምንቱ የሚሞላው መስከረም 6 ነው። ፕሮግራሙ ግን አምስቱን ቀን ስለማያውቃቸው መስከረም 11 ብሎ ቆጠረ። መስከረም 6 ገና ቢሮው ሲከፈት እቴቴ ጉልበቷን እየጎተተች መጣች። ትዕግስት ቃል በቃል ነግራኛለች፤ ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ።

«ቦራ ስትጮህ አደረች። ፈንታን ጥሪልኝ ልጄ።»

«ቆይ እቴቴ፣ ማሽኑ ይንቃ።»

ነጩ መስኮት መጣ። ሁለቱም ተቀምጠው ጠበቁት። እቴቴ ጥላዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ጠበቀች።

«አምስት ቀን ይቀራታል ይላል፣ እቴቴ።»

«እየጮኸች እኮ ነው!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከሮተርዳም የመጣ ነው። ጋሽ እንዳላማው ነው የላከው።»

እቴቴ ጥላዋን ጨበጠች። ከዚያ ተነሣች። «ወንድሜ ከሆነ የላከው እሱ ያውቃል። ላሚቱ ሌላ ነገር አሟት ይሆናል» ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በማግሥቱ ቦራ ጸጥ አለች፤ ቀኗ አለፈ። ፈንታ ትናንት ሰምቶ ጥርሱን ነከሰ።

ጋሼ፣ በላሟ ድምፅ አይደለም ያመነችው። በእርስዎ ነው።

ይህንንም ልጨምር። ትናንት ያንን የተሸከምነውን ግዙፍ ብሮውዘር መረመርኩት። ጳጉሜንን ያውቃታል! በአንድ መስመር «የዛሬን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ንገረኝ» ብለው ወሩን ከነስሙ፣ በአማርኛ ይነግረኛል። ያንን ሁሉ ሸክም በቢሮው ማሽን ላይ ጭነን፣ የሚያውቀውን ሳንጠይቀው፣ ጳጉሜንን በማታውቅ አንዲት የተዋበች መስኮት ሸፈንነው። ከዚህ በላይ የሚያስጠላ ነገር ካለ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አምሮ ስላየሁት አልቆጠርኩትም።

ጋሽ ገዳሙ አላባረሩኝም። ሰሌዳውን በእጃቸው እየጠረጉ «ቦራ ትፍረድ። ዳግም ስትፈልግ ማሽንሽ ቀኑን ካወቀ ትቀጠሪያለሽ፤ ካላወቀ ጠመኔዬን እገዛለሁ» አሉኝ። ያ ቀን መስከረም 27 ነው።

ያለምወርቅ

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ እንዳላማው

ከእርስዎ ቃል ከሰማሁ ሰነበትኩ። ተቆጥተው ይሆናል፣ ታመውም ይሆናል፤ የመጀመሪያው ይሁንልኝ፣ ሁለተኛው አይሁን። የቤቱ ሰው ሁሉ ሰላም ይልዎታል።

መልስ ሳልጠብቅ ማዕቀፉን ጣልኩት። ከሥር ጀምሬ በተራ ድረ ገጽ ጻፍኩት፤ የዌብ ደንቡ ከሚያውቀው ውጭ አንዲት ነገር አልተበደርኩም። ላፕቶፕዎንም ዘጋሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱ ነው ያሞኘኝ፤ በእሱ ላይ ሁሉም ነገር ፈጣን ነው። ትዕግስት አጠገብ ወንበር አስገብቼ በዚያው በአሮጌው ማሽን ላይ ጻፍኩ። ቀኑን ብሮውዘሩን ራሱን ነው የምጠይቀው። ጳጉሜንን አንድም ሰው ሳያስጭነው ያውቃታል፤ ዕድሜ ለደንቡ፣ ስድስት የምትሆንበትንም ዓመት ያውቃል። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ያስገባነውን ያስተላልፋል። ሁሉም ተደምሮ ከላሞቹ መረጃ ያንሳል!

ትዕግስት ስትከፍተው መስኮቱ ወዲያው መጣ። «ነጠላዋን ጣለች!» ብላ ጮኸች። ፈንታ የስልኩን ብሮውዘር ከፍቶ ያንኑ ገጽ አየ። ምንም አልጫነም። «ይኸው ነው? ታዲያ ያኔ ምን ያጫጭነን ነበር?» አለኝ። እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ትናንት መስከረም 27 ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ የፈንታ ስልክ «ቦራ፣ የወይዘሮ የኔአለም» ብሎ አሳየው። ማንም ሳይደውልለት ሞተሩን አስነሣ። እኔም ኋላው ተቀምጬ ሄድኩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጨኝ። ከእቴቴ ግቢ ስንደርስ ቦራ ትጮሃለች። እቴቴ በሩ ላይ ቆማ «ማን ነገራችሁ?» አለች። ፈንታ ስልኩን አሳያት። አላየችውም፤ ወደ ላሟ እያየች «ዛሬ ተስማሙ በለኛ» አለችው። ሳቅን። ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ቦራ ዝም ማለቷ የሚታወቀው ደግሞ ጥቅምት 18 ነው።

ናሙናውን አልልክም። በማዕቀፉ የሠራሁት ፕሮግራም ላፕቶፑ ውስጥ አለ፤ በአለቃዎ ዓይን ያምራል። ስሜን ግን አላስቀምጥበትም። ሥራውን እፈልገው ነበር፣ አልዋሽዎትም፤ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ቤት ሠርቼበታለሁ። ቢሆንም የእቴቴን ጀርባ ከቢሮው ስትወጣ ባላየውም አየዋለሁ።

ስለ ዳለቻ ጠይቀውኝ ነበር። እቴቴ አትንገሪው ስላለችኝ ዘለልኩት። ጉልበቷ አላስኬድ ብሏት ሁለት ላም መከተል አቃታት፤ ዳለቻ በፋሲካ ማግሥት ተሸጠች። የቀረችው ቦራ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ያንን ያህል የነደደኝ።

ገጹ የሚገኝበትን አድራሻ ከታች ጽፌዋለሁ። መጫን አያስፈልግም።

ልጅዎ ያለምወርቅ

ሮተርዳም፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ

እግዚአብሔር አንቺንም፣ ቤትሽንም፣ እትዬንም ይጠብቅልኝ። የላይኛውን ቀን ለመጻፍ ስልኬን ጠየቅኩ። ሳይጫን ነገረኝ።

አልታመምኩም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ የላኩልሽን ንድፍ ከፍቼ አየሁት። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። አሥራ ሁለት ክፍት ቦታ ነበረ፤ አሥራ ሁለት ስም ሞላሁበት፤ ወጣሁ። አንድ ስም ተርፎ እጄ ላይ መቅረቱ አልተሰማኝም። ዝርዝሩን ደጋግሜ አየሁት፣ አስጠላኝ። «ከባለሙያ አፍ አይወጣም» ያልኩሽን ቃል እኔው ስለው ዋልኩ።

ገጽሽን ባቡር ላይ በስልኬ ከፈትኩት። ድልድዩን ሳንሻገር መጣ። ቦራ አለች፤ ከጎኗ «የወይዘሮ የኔአለም»፣ ከጎኑ መስከረም 27። ጣቢያዬን አልፌ ወረድኩ።

አንቺ ናሙና አልላክሽም፤ እኔ ግን አድራሻውን ለአለቃዬ አሳየሁት። በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገና «ይሄ እኮ ድረ ገጽ ብቻ ነው» አለኝ። አዎ፣ አልኩት፣ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ከዚያ ማሽኔ ታንቆ ስለነበር አጥፍቼ ላበራው ሄድኩ። ሁለቱን ቦታ ሌሎች ልጆች ወሰዷቸው። ይህን ሳላለሳልስ ልንገርሽ ብዬ ነው፤ ተስፋውን የሰጠሁሽ እኔ ስለሆንኩ።

ሜሞሪውን አልላክሁም፤ እንግዲህ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም። ለእትዬ ጉልበት የሚሆን መደገፊያ ግን ሰው ይዞልሽ ይመጣል። ከኔ ነው አትበያት፤ ማህበሩ ነው በያት፤ ያኔ ትቀበላለች።

ጥቅምት 18 እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ። የምጠይቅሽ ሌላ ወሬ የለም።

እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ እንዳላማው

የደስታ ወሬ የያዘ ሰው ሰላምታ ማሳጠሩ አይነወርበትም፤ ሁላችንም ደህና ነን።

ከትናንት ወዲያ ቢሮው ውስጥ ሥራ የሠራ ሰው የለም። ትዕግስት በር በሩን ታያለች፣ ፈንታ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፣ ጋሽ ገዳሙ ጠመኔ ይዘው ይንጎራደዳሉ። እቴቴ ከሰዓት በኋላ ደወለች። «እ?» አልኳት። «ምንም የለም» አለች። ትናንትም ምንም። ዛሬ ጠዋትም ምንም። ፈንታ በሚቀጥለው ወር በእጁ መርምሮ ያረጋግጣል፤ ፊቱ ግን ከአሁኑ በርቷል።

ጋሽ ገዳሙ ከኅዳር አንድ ጀምሮ ቀጥረውኛል። ሰሌዳውን ላወርድ ስል ግን እጄን ያዙኝ። «ተያት። መብራት ሲጠፋ ያንቺው ስልክ ባትሪ ቢጨርስስ?» አሉኝ። ተውኳት፤ በላይዋ ላይ በጠመኔ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩባት፤ ጳጉሜን።

ስለ ሮተርዳሙ ሥራ አይዘኑ። አዝኜ ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ አልቅሼበታለሁ። አሁን ከሉማሜ አንድ ማህበር «ለእኛም ሥሪልን» ብሎ ልኳል።

መደገፊያው ደርሷል። እንዳሉኝ «የማህበሩ ነው» አልኳት። አገላብጣ አየችውና «ማህበሩ የእንዳላማውን እጅ ጽሑፍ ከየት ተማረ?» አለችኝ። በካርቶኑ ላይ ስሟን ጽፈውበት ኖሯል፣ ጋሼ!

ዛሬ ማታ ይደውሉላት። ቦራ ዝም ብላለች፤ እቴቴ ግን የምትናገረው አላት።

ልጅዎ ያለምወርቅ